ከድርቅ ለተረፉ ላሞች እህል መስጠትና የሚያስከትለው የጨጓራ ሕመም

በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ በሚገኘው በግራናና በአካባቢው የከብት ዋነኛ መኖ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ነው። ዝናብ ባጠረ ዓመት ማሽላው ፍሬ ባይዝ እንኳ አገዳው ለከብት ይተርፋል፤ ድርቁ ሲበረታ ግን እርሱም ይታጣል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም በወሎ በደረሰው ረሀብ፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም በተከሰተው ድርቅ ገበሬው ከእህሉ ጋር ከብቱንም ማጣቱ የሚታወቅ ነው። በመሆኑም በሕይወት የተረፈች አንዲት ጥገት ለቤተሰቡ የልጆች ወተት፣ የወደፊት በሬ እናትና የመቋቋሚያ ጥሪት ናት።

ይህች ላም የረሀቡን ወራት አልፋ እህል በተገኘ ሰሞን ልትሞት መቻሏ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። የዕርዳታ እህል የሚታደለው ለሰው ነው፤ ሆኖም ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰውና ለሰው አይሆንም የተባለው ወደ ከብቱ ይሄዳል። ፉርሽካም በገፍ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። በመኸር ወራት ደግሞ ላሟ ገመዷን በጥሳ አውድማ ላይ ስትበላ ታድራለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ባለቤቱ የከሳች ላሙን ቶሎ ለማንሳት ሲል በደግነት ከመጠን በላይ ያበላት እንደሆነ ነው።

ላም መኖዋን የምታብላላው በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በሚኖሩ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ተህዋስያን አማካይነት ነው። ገለባና አገዳ የሚያብላሉት ተህዋስያን ሥራቸው ዝግ ያለ ነው። ላሟም ሻካራውን መኖ ስታመሰኳ ብዙ ምራቅ ታመነጫለች፤ በምራቁ ውስጥ ያለው የሶዳ ዓይነት ንጥረ ነገር አሲዱን ያረክሳል። እህል በብዛት በገባ ጊዜ ግን ስታርች የሚበሉት ተህዋስያን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተራብተው አሲድ ያጥለቀልቃሉ፤ እህል ብዙ ስለማይመሰኳም ምራቁ ያንሳል። ፒኤች በተባለው መለኪያ ጤናማ ጨጓራ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ነው፤ መለኪያው ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ በርትቷል ማለት ነው። በየቀኑ ለሰዓታት ከ5.6 ገደማ በታች ሲቆይ ድብቁ ሕመም ይጀምራል፤ ከ5 በታች ሲወርድ ደግሞ ላቲክ አሲድ ተከማችቶ አጣዳፊው ይከተላል። ረሀብ የቆየባት ላም በዚህ ረገድ ይበልጥ የተጋለጠች ናት፤ የጨጓራዋ ተህዋስያን ተመናምነዋል፣ አሲዱን ወደ ደም የሚመጡት የጨጓራ ግድግዳ ጣት መሰል ቅጥያዎችም አጥረዋል።

ጉዳቱ በጨጓራ ብቻ አይወሰንም። አሲዱ የጨጓራውን ግድግዳ ያቆስላል፤ በቁስሉ የሚያልፉ ባክቴሪያዎች በደም ተጉዘው በጉበት ላይ መግል ይቋጥራሉ። በጨጓራው ውስጥ የሚሞቱት ባክቴሪያዎችም ከሽፋናቸው መርዝ ይለቃሉ። ሳይብላላ ወደ ትልቁ አንጀት የሚያልፈው ስታርች እዚያም ይፈላል፤ የአንጀቱ ግድግዳ ከጨጓራው ይልቅ ስስ በመሆኑ መርዙ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይሰርጋል። ያን ጊዜ ሰውነቷ በሙሉ የመቆጣት ሁኔታ ውስጥ ይገባል፤ ወተት ሊሆን የሚገባው ምግብ በሽታን ለመከላከል ይውላል። የወተቱ ቅባት ይቀንሳል፣ ከሳምንታት በኋላም ላሟ ሰኮናዋን ታምማ ልታነክስ ትችላለች። ባለቤቱ ይህን ማንከስ ከበላችው እህል ጋር አያያይዘውም።

ለዕርዳታ ሠራተኛ ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ነጥብ የእህሉ ዓይነት ነው። ስንዴና ገብስ በጨጓራ ውስጥ ከማሽላና ከበቆሎ ይልቅ ፈጥነው ይፈላሉ፤ የተፈጨው ደግሞ ካልተፈጨው ይፈጥናል። የግራና ገበሬ ላሙ ምን ያህል ማሽላ እንደምትችል ከልምድ ያውቃል። በዚያው ልክ ስንዴ ቢሰጣት ግን ልምዱ ያሳስተዋል።

ስለሆነም ላሟ በመጀመሪያ አገዳ፣ ጭድ ወይም ድርቆሽ ማግኘት አለባት፤ እህል ወይም ፉርሽካ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንዲት የአገር ላም በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ያውም ጧትና ማታ ተከፍሎ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ጭማሪው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ መሆን ይገባዋል፤ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ግማሹ መኖ ሻካራ ሆኖ መቀጠል አለበት። የኑግ ፋጉሎ ስታርቹ አነስተኛ ስለሆነ ከእህል ይልቅ በዚህ በኩል ስጋቱ ያነሰ ነው።

አጣዳፊው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገለጣል። ላሟ መብላትና ማመስኳት ታቆማለች፣ የግራ ጎኗ ይነፋል፣ ቀጭን፣ ኮምጣጣ ሽታ ያለውና የእህል ፍሬ የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዛታል፤ ትንገዳገዳለች፣ ዓይኗ ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻም ትተኛለች። እህሉን ወዲያውኑ ማንሳትና ድርቆሽ ማቅረብ የመጀመሪያው ተግባር ነው። የእንስሳት ሐኪሙ አሲድ የሚያረክስ መድኃኒት ያጠጣታል፤ ከጤናማ ከብት ጨጓራ የተወሰደ ፈሳሽም ተህዋስያኑን ለመመለስ ይረዳል። በየመንደሩ የሚታወቀው ዘይት ማጠጣት በአረፋ ለሚመጣ መነፋት የሚጠቅም ሲሆን አሲዱን ግን አይሰብርም። በድርቅ ቀጭጮ የቆየ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላ የሚያስከትለው መመረዝም የተለየ ነገር ነው፤ ያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድልና ሌላ ሕክምና የሚሻ ነው።

ከዚህ የተነሣ የመኖ ዕደላ የሚያዘጋጅ ክፍል ሻካራው መኖ ከፉርሽካው ቀድሞ መድረሱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። የወሩን ፉርሽካ በአንድ ጊዜ ከመስጠት በየሳምንቱ ማደሉ ለሠራተኛው ድካም ቢሆንም የተሻለ ነው፤ ሙሉ ጆንያ በቤቱ ያለው ገበሬ የተራበች ላሙን እያየ እጁን መሰብሰብ ይከብደዋልና። ዕደላው ከአውድማ ወራት ጋር ከገጠመ ደግሞ የከብት ማሰሪያ ገመድ ከመኖው ጋር አብሮ ቢታሰብበት ወጪው ጥቂት ነው።