የነገሌ ዳገትና የአሮጌ መኪና ነዳጅ ፓምፕ

ከዝዋይ ተነስቶ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፎ፣ ላንጋኖን በግራው ትቶ ወደ አርሲ ነገሌ የሚወጣ መኪና 400 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። የላንጋኖ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ነገሌ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። አዲስ መኪና ይህን ዳገት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ካርቡሬተር ላላቸው ለላዳ፣ ለቮልስዋገንና ለአሮጌ ፊያት ግን ፓምፓቸው የሚፈተንበት ቦታ ነው። በቆላው ሙቀት የጋለ ሞተር ዳገቱ ላይ መንተፋተፍ ጀምሮ፣ ጥላ ሥር ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደህና ከሆነ፣ ካንዴላ ከመቀየር በፊት ፓምፑን ማየት ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲዞር የፓምፑን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱ ዲያፍራም የሚባለውን ስስ ሽፋን ይስባል፤ ቤንዚን ከሰልባትዮ መጥቶ በመግቢያው ቫልቭ ይገባል። ክንዱ ሲለቅ ውስጥ ያለው ሞላ ዲያፍራሙን መልሶ ይገፋና ቤንዚኑ በሌላው ቫልቭ ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ግፊቱን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ይህች ሞላ ናት። ካርቡሬተሩ ሲጠግብ መርፌው በሩን ይዘጋል፤ ፓምፑም መግፋቱን ያቆማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠንካራ ፓምፕ የተሻለ ፓምፕ ይመስለዋል። የላዳ ፓምፕ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢገፋ ይበቃዋል። ይህ የቤት መኪና ጎማ ከሚነፋበት ግፊት አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። የኢንጄክሽን መኪና ፓምፕ ደግሞ 3 ባር ገደማ ይገፋል። ያንን ወስዶ ካርቡሬተር ላይ የሚገጥም ሰው መርፌውን ያሸንፈዋል፤ ቤንዚን ሞልቶ ይፈስሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የጋለ ሞተር ላይ ከተንጠባጠበ ደግሞ እሳት ነው። በመጠን በኩልም ጭንቀት የለም፤ የላዳው ፓምፕ በሰዓት 60 ሊትር ያህል ማቅረብ ይችላል፣ መኪናው ግን በሰዓት 15 ሊትር እንኳ የሚጨርሰው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግፊቱ ነው።

ታዲያ ዳገቱ ላይ የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ፓምፑ ሞተሩ ላይ ስለታሰረ አብሮ ይግላል። ከሰልባትዮው እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ደግሞ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም፤ ሲሳብ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥርም የአየሩ ግፊት አብሮ ይወርዳል። ቤንዚኑ ያን ጊዜ ቱቦው ውስጥ ይፈላል፤ ፓምፑም በቤንዚን ፋንታ እንፋሎት ይስባል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ መጣል የሚሠራው ለዚህ ነው። ያረጀ ዲያፍራም ወይም የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ ካለ ችግሩ ይብሳል። በ2003 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል ሲቀላቀልበት እንደታየው፣ ነዳጁ ሊለወጥ ይችላል፤ የድሮ ላስቲክ ደግሞ ኤታኖልን አይወድም። ስለዚህ ለኤታኖል የሚስማማ ዲያፍራም ያለውን መፈለግ ይሻላል።

ሰልባትዮው አጠገብ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሚገፋ የመፍላቱን ችግር ይቀንሰዋል። ግን ግፊቱ ለካርቡሬተር የተሠራ ዝቅተኛ መሆን አለበት፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆም ሪሌይም የግድ ነው። ሪሌይ የሌለው ፓምፕ በግጭት ጊዜ ቱቦው ተቆርጦም ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ይህን ሽቦ በሙሉ ልብ የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ከሌለ፣ እኔ ሜካኒካሉን እመርጣለሁ፤ በተለይ በብሎን ተከፍቶ ዲያፍራሙ የሚቀየረውን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የሚጠገን ዕቃ ከሚጣለው ይልቅ ዋጋ አለው።

ላዳ በ1970 እ.ኤ.አ. መመረት ሲጀምር ከፊያት 124 የተወለደ ነው፤ ሞተሩ ግን የፊያቱ ቅጂ ስላልሆነ «ያው ነው» ተብሎ የሚሸጠውን የፊያት ፓምፕ ሳያነጻጽሩ አለመግዛት ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይሁን ከሻሸመኔ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ የክንዱን ርዝመትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ጎን ለጎን ማየት ነው። የላዳው ትልቁ ምስጢር ግን ከሥሩ ያለችው ጓርኒሲዮን ናት። ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ፣ በጣም ወደ ውስጥ በገባበት ሰዓት፣ ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወጣ ማለት አለበት። ጓርኒሲዮኗ ከወፈረች ክንዱ በቂ አይገፋም፣ ፓምፑም «ደካማ» ይባላል፤ ከሳሳች ክንዱ ያለ ልክ ይገፋና ዲያፍራሙ ቶሎ ይቀደዳል። የቮልስዋገንም ዘንግ ርዝመት እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ አሮጌውን ሳይለኩ መቀየር አይገባም።

ከተገጠመ በኋላ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ማሽተት ነው። የተቀደደ ዲያፍራም ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት ያወርዳል፤ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብሮንዚናውን ይበላል። ቤንዚን የሚሸት ዘይት ካለ፣ በአዲሱ ፓምፕ ከመነዳቱ በፊት ይቀየር።