ከፍ የማይለው ሮኬት
እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከልጄ ጋር የሠራነውን የመጀመሪያውን ቀጭን የሞዴል ሮኬት ነፋስ ጫካ ውስጥ አስቀረብን። ሁለተኛውን ሆን ብለን አጭርና ወፍራም አደረግነው። ሰፊ አካል አየር ስለሚገታው ብዙ ከፍ አይልም፤ ጠባብ ሜዳ ይበቃዋል። አጭር ስለሆነ እንዳይገለበጥ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨመርን።

የተሳሳትኩት ሞተሩ ላይ ነው። የገዛሁት «ሲ6-7» ይላል። «ሲ» የጠቅላላ ጉልበቱ መደብ ነው፤ ከ10 ኒውተን-ሰከንድ አይበልጥም። 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው። 7 ደግሞ ግፊቱ ካበቃ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው። ቀጭን ሮኬት ነዳጁ ካለቀም በኋላ ሽቅብ ይወነጨፋል፤ ወፍራሙን ግን አየር ቶሎ ያቆመዋል። እናም ፓራሹቱ ሳይወጣ የኛው ሮኬት በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። ልጄ አለቀሰ።

ጠግነን፣ «ሲ6-3» ገጥመን፣ 5 ሜትር ርቀን በኤሌክትሪክ ማስነሻው ለኮስነው። በዚህኛው ፓራሹቱ አየር ላይ ተከፈተ፤ ልጄም ሮኬቱን ካረፈበት ሮጦ አነሳው።

ወፍራም ሮኬት ለመሥራት ያሰባችሁ ወላጆች፣ ሞተር ስትገዙ የመጨረሻዋን ቁጥር አስተውሉ፤ ትንሿን ምረጡ።