አስታማሚው ሲወጣ የሚጠየቅ

ጮክ ብለን የማናወራውን ልንገራችሁ። በመጠጥ ወይም በጫት ሱስ ወደ አእምሮ ጤና ክፍል የሚመጣ ሰው ብቻውን አይመጣም። አባቱ፣ አጎቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይዞት ይመጣል፤ ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፤ የምንጠይቀውንም እሱው ይመልሳል። «መቼ ጀመረው?» ስንል «ከተማ ከገባ ወዲህ ነው ዶክተር፣ ጓደኛ ነው ያበላሸው» ይላል። ነርስም እንሁን ጤና መኮንን፣ ለአስታማሚ ሁላችንም ዶክተር ነን። «ልጅ እያለስ?» ስንል «ልጅ እያለማ ጭምት ነበር፤ ምን ጎድሎበት!» ታማሚው ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ ነው። አሁን የመለሰልን ሰው በልጅነቱ ያሰረው፣ የገረፈው፣ ደጅ ያሳደረው ራሱ ሊሆን እንደሚችል እያወቅን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፋለን። ደጅ ተሰልፈው የሚጠብቁ አሉ፤ ክፍሉም አንድ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ አማኑኤል የምትባል የማቻከል ወረዳ ከተማ አለች። ከዚያ አካባቢ የሚነሳ የሱስ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጸበል ይገባል። ካልተሻለው ደብረ ማርቆስ ይወሰዳል። ከዚያም በላይ ከሆነ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይጻፍለታል። በዚህ ሁሉ መንገድ በቀን ስንት መለኪያ አረቄ እንደሚጠጣ ደጋግሞ ይጠየቃል። ስለ ልጅነቱ ለብቻው ቁጭ አድርጎ የጠየቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መጠየቁ ምን ያደርጋል? ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከ9,000 በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው ነበር። በልጅነታቸው አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ ለአልኮል ሱስ፣ ለዕፅ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የመጋለጥ ዕድላቸው ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ብሎ አገኙት። የተገረፈ ሁሉ ጠጪ አይሆንም፤ ጠጪው ሁሉም የተገረፈ አይደለም። በሥራችን የምናየው ግን ይህን ነው፦ አረቄውን ስናስተወው አረቄው ያስተኛው የነበረው ነገር ይነቃበታል። ሌሊት ይባንናል፣ ሰው ሲጮህ ይደነብራል፣ ወር ሳይሞላው ያገረሽበታል። ዘመድ «ልብ የለውም» ይላል። ያልጠየቅነው እኛም አብረን እንላለን።

መሣሪያው ጠፍቶ አይደለም። ዴቪድ በርንስቲንና ሎራ ፊንክ ያዘጋጁት የልጅነት ሰቆቃ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ የተፈተነው በ286 የአልኮልና የዕፅ ጥገኛ ታካሚዎች ላይ ነበር፤ ከእኛው ዓይነት ክፍል የወጣ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው አጭሩ 28 ጥያቄዎች አሉት። 25ቱ የስሜት፣ የአካልና የወሲብ ጥቃትን እንዲሁም የስሜትና የአካል ቸልተኝነትን ይለካሉ። የቀሩት ሦስቱ ሰውየው ልጅነቱን አሳምሮ እየሸፈነ እንደሆነ ለመጠርጠር የገቡ ናቸው።

የእኛ ሰው እነዚያ ሦስቱ ላይ እንከን አያወጣም። ያሳደገን አባት በባዕድ ፊት ማማት ነውር ነው፤ የቤት ገመና ከቤት አይወጣም፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ወረቀቱ ይህን መደበቅ ይለዋል። እኛ ዘንድ ጨዋነትም ነው፤ ሁለቱን በነጥብ መለየት አይቻልም።

ደግሞ «ጥቃት ደርሶብህ ያውቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁት «የለም» ይላችኋል፤ አልዋሸም። እሱ የሚያውቀው ቅጣት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባልደረቦች ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው ከእረኝነት ይጀምራሉ። «ከብት መጠበቅ ስትጀምር ስንት ዓመትህ ነበር?» «የራሳችሁን ነበር ወይስ ተቀጥረህ?» «ከብቶቹ የሰው ማሳ የበሉብህ ቀን፣ ማታ ቤት ስትገባ ምን ገጠመህ?» እዚህ ላይ ሰውየው ቀና ይላል። አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ነው የሚጀምረው። በመጫኛ ታስሮ መገረፉን፣ በርበሬ መታጠኑን፣ ጅብ በሚጮህበት ሌሊት ጉሮኖ ውስጥ ማደሩን ይናገርና «ማን ያልታጠነ አለ?» ብሎ ይጨርሳል። ዋናው ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ነው። ስንት ጊዜ? ጠባሳ አለህ? ከወንድሞችህ ሁሉ አንተ ላይ ይብስ ነበር? ያን ጊዜ ማን ደረሰልህ? ግርፋቱን ሲያወራ ድምፁ ቅንጣት ያልተለወጠ ሰው፣ ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ መመለስ አቅቶት አይቻለሁ።

ሕጉም ለልጁ ቁርጥ ያለ ነገር አልነገረውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ፣ ከሕግ ያልተቃረነ የሥርዓት እርምጃ አያስቀጣም ይላል። በርበሬ ማጠን በዚህ ይሸፈናል የሚል ዳኛ ይኖራል ብዬ አላምንም። ለታጠነው ልጅ ይህን ያስረዳው ግን ማነው?

የአካል ቸልተኝነት የሚለው ክፍል የራሱ ጣጣ አለው። ጠግቦ አለመብላትና የቆሸሸ ልብስ መልበስ እዚያ ይጠየቃሉ። ክረምት ላይ እህል በሚያልቅበት ቤት ያደገ ልጅ፣ እናቱ የራሷን ድርሻ ሰጥታው ጦሟን ያደረች ብትሆን እንኳ፣ ነጥቡ እዚህ ላይ ይከመራል። የቆሎ ተማሪም እንዲሁ፤ ለምኖ መብላት የትምህርቱ ሥርዓት ነው። ስለዚህ «ጠግበህ ትበላ ነበር?» ተብሎ አይቆምም፤ «ሌሎቹስ?» ይከተላል። ቤተሰቡ በልቶ የእንጀራ ልጁ ወይም ለዘመድ የተሰጠው ልጅ ብቻ ጦሙን ካደረ፣ ያን በድህነት ማሳበብ አይቻልም።

ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ሲመጡም ዘግይተው ነው። በ13 ወይም በ14 ዓመቷ ተድራ፣ ከባሏ ቤት ጠፍታ ከተማ ገብታ መሸታ ቤት የሠራች ሴት፣ መጠጥ የጀመረችው በሥራዋ ምክንያት ነው ተብሎ ይጻፍላታል። ወሲባዊ ጥቃት የሚለውን ክፍል ስትመልስ ሁሉንም «በጭራሽ» ትላለች። የሆነው በሠርግ ነበራ! ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ተመርቃ ነው የወጣችው። የነበርንስቲን መጠይቅ ስለ ጋብቻ አንድም ጥያቄ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የልጅነት መከራ መጠይቅ ግን በስንት ዓመቷ እንዳገባች፣ ባሏንም ራሷ መርጣው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስለ ጦርነትና ስለ አካባቢ ሁከትም ይጠይቃል። ቢረዝምም፣ ለእኛ አገር ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ሰዓቱም አለ። ጠጥቶ የመጣ ወይም መጠጥ ካቆመ ገና ሁለት ሦስት ቀን የሆነው ሰው ስለ ልጅነቱ አይጠየቅም። ያኔ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሊያንዘፈዝፈው ወይም ሊያቃዠው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ዳያዜፓም፣ ቲያሚንና የቅርብ ክትትል ነው። ጥያቄው እንቅልፉ እስኪመለስ ይቆያል። ተጠይቆ «የለም» ቢልም በዚያው አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 16 ጥናቶችንና ከ25,000 በላይ ሰዎችን ያሰባሰበ ትንተና፣ በልጅነታቸው በደል እንደደረሰባቸው በወቅቱ ከታወቀላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ አድገው ሲጠየቁ እንዳልተናገሩት አሳይቷል። አድገው ከተናገሩትም ብዙዎቹ ልጅ ሳሉ ማንም አላወቀላቸውም ነበር። ስለዚህ እንደ መርማሪ ማስረጃ አንፈልግም፤ ሰውየው የተሸከመውን ነው የምንሰማው።

አስታማሚውስ እንዴት ይውጣ? «ውጡ» ማለት ያስቀይማል፣ ያስጠረጥራልም። አንዳንዶቻችን ካርድ ክፍል ደርሶ እንዲመጣ እንልከዋለን። እኔ ግን «አባቴ፣ እዚህ የሚመጣውን ሁሉ ለብቻው ማነጋገር ደንባችን ነው» እላለሁ፤ እውነት እንዲሆንም ማንንም ሳልለይ አደርገዋለሁ።

ካወራ በኋላ ቁስሉን ከፍቶ መሸኘት የለም። ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበር በግልጽ ይነገረዋል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው ይጠየቃል። ቀጠሮው ወር ሳይሆን ሳምንት ይሆናል። አንድ ብዙዎቻችን የምንዘለው ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «ዛሬ በዚያ ቤት፣ በዚያው ሰው እጅ የሚያድግ ትንሽ ልጅ አለ?» አለ ካለ፣ ጉዳዩ ከታማሚው አልፎ በወረዳው የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

ካርዱንም ጠንቀቅ ነው። ከክፍል ክፍል የሚያመላልሰው ያው አስታማሚ ነው፤ ማንበብ ከቻለ ያነባል፣ ካልቻለ ያስነብባል። ስለዚህ ማን መጫኛ እንዳነሳበት ካርዱ ላይ አልጽፍም። ዝርዝሩ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካርዱ ላይ የምታርፈው «የልጅነት ታሪኩ ለብቻው ተጠይቋል፤ ክትትል ያስፈልገዋል» የምትል መስመር ብቻ ናት። ሪፈር ሲጻፍለት ደግሞ፣ ታማሚውን አስፈቅጄ፣ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረውን ለሚቀበለው ባለሙያ በስልክ እነግረዋለሁ።