የሚወዛወዝ መሪ፦ ከሀርሺን መንገድ እስከ አሮጌ ኮርቬት

ከጅግጅጋ ወደ ሀርሺን የሚመላለስ ሾፌር ስለ ጎማና ስለ ባልስትራ ሲያወራ ይውላል። ስለ መሪ ግን ብዙም አያነሳም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደዚያ ስጓዝ የተሳፈርኩበት ላንድክሩዘር መሪ ከነአምዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወት ነበር። ሾፌሩን ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ ጠባዩ ነው፤ ለምደነዋል» አለኝ። እንዲህ ዓይነት መልስ አዲስ አበባ ውስጥም ከብዙ ባለመኪኖች ሰምቻለሁ። መካኒክነት ሙያዬ ባይሆንም የአሮጌ መኪና ፍቅር ስላለብኝ፣ ይህ «ጠባይ» የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ እና እንዴት እንደሚጠገን የማውቀውን ላካፍል።

ሀርሺን በፋፈን ዞን የምትገኝ፣ ከሶማሊላንድ ጋር የምትዋሰን ወረዳ ናት። አካባቢው ወንዝ የለውም፤ ሕዝቡም ከብቱም የሚጠጣው ቢርካ ከሚባሉት፣ መሬት ተቆፍሮ ከሚሠሩ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ነው። ቢርካው ሲደርቅ ውኃው የሚመጣው በመኪና ነው። ስለዚህ እዚያ አንድ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። መሪው ጎማውን የሚያዘው በረዥም ዘንግ አማካይነት ነው። ዘንጉ የሚያልፍበት ቱቦ የመሪ አምድ ይባላል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው የብረት ተሸካሚ ጋር በብሎን ይታሰራል። ከፍና ዝቅ የሚል መሪ ባላቸው መኪኖች ላይ አምዱ መታጠፊያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተሠራውን ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ብንወስድ፣ ማንሻው ሲጠብቅ አንድ ብሎን የአምዱን ማቀፊያ ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ ሲላላ ይለቀዋል። በጠጠር መንገድ ለዓመታት የተንቀጠቀጠ ብሎን ቀስ በቀስ መላላቱ አይቀርም።

የአሜሪካዎቹ አሮጌ ስፖርት መኪኖች በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። ጄኔራል ሞተርስ በኮርቬትና በካማሮ ላይ የገጠመው ታጣፊ አምድ ውስጡ አራት ብሎኖች አሉት፤ የላይኛውን ክፍል ከታችኛው ጋር የሚያስሩት እነሱ ናቸው። ሾፌሩ ሲወርድና ሲወጣ መሪውን እየተደገፈ ስለሚስበው ብሎኖቹ ይላላሉ። መድኃኒቱ ማጥበቅ ነው፤ አስቸጋሪው እነሱ ጋ መድረሱ ነው። መሪው ይነቀላል፣ በኃይለኛ ስፕሪንግ የተወጠረው የመቆለፊያ ሳህን በመጫኛ መሣሪያ ተጨቁኖ ይወጣል፣ የፍሬቻው ማብሪያ ይላቀቃል፣ በመጨረሻም ሁለቱ የመታጠፊያ ፒኖች ተስበው ይወጣሉ። ያኔ አራቱ ብሎኖች በተራ እየተፈቱ ይጸዳሉ፤ የብሎን ማጣበቂያ ተቀብተው ይጠብቃሉ።

ላንድክሩዘሩ ላይ ሥራው ከዚህ ይቀልላል። ነገር ግን ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት በሽታውን መለየት ያስፈልጋል። ሞተሩን አጥፍታችሁ መሪውን ሳታዞሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ግፉት። አምዱ አብሮ ከተነቃነቀ ችግሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። አምዱ ጸንቶ መሪው ግን ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ትንሽ በባዶ የሚዞር ከሆነ፣ አንድ ሰው ኮፈን ከፍቶ እንዲያይ አድርጉና መሪውን ግራና ቀኝ ወዝውዙ። ክሮቸራው፣ የመሪ ሳጥኑ ወይም ቴስቲናዎቹ ማለቃቸው ያኔ ይታያል። ጉድጓድ ከመታ በኋላ መኪናው በፍጥነት ላይ ሳለ መሪው ግራና ቀኝ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የፊት አክሱሉን ኩሽኔቶች፣ ቴስቲናዎቹንና የመሪውን ሾክ መመርመር ነው። አምድ ማጥበቅ ይህን አያድንም።

በሽታው አምዱ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ የባትሪው ገመድ ይፈታል። መሪው ላይ ኤርባግ ካለ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዛል፤ ኤርባጉ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ሰው ይጎዳል። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽፋን ወርዶ አምዱን የያዙት ብሎኖች በመጽሐፉ በተጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ማንሻው ይፈተሻል፦ እስከ ጥጉ ተጠብቆም አምዱን የማይዝ ከሆነ ዳዶው መስተካከል አለበት። የተበላ ቦኮላ ወይም ሳህን ይቀየራል፤ ክሩ የተበላ ዳዶ መልሶ አይገጠምም።

ሁለት ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። አንደኛው ብየዳ ነው። አንዳንድ ጋራዥ የሚነቃነቀውን መታጠፊያ በይዶ ይመልሳል፤ መሪው ለጊዜው ይጸናል። ሁለተኛው ዘንጉን በመዶሻ መምታት ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የመሪ አምድ በግጭት ጊዜ የሾፌሩን ደረት እንዳይወጋ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥቷል። በዚህ የተነሳ የብዙ መኪኖች አምድ ሲገፋ በራሱ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ይሠራል። አንዳንዱን አምድ ሳይሰበሰብ የሚይዘው ትንንሽ የፕላስቲክ ፒን ነው። መዶሻ ፒኑን ይሰብራል፤ ብየዳ ደግሞ መሰብሰብ ያለበትን እንዳይሰበሰብ ሊያደርግ ይችላል።

የድንበር አካባቢ ባለመኪኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ቀኝ መንገድ ተሻግራለች። ሶማሊላንድም የምትነዳው በቀኝ ነው፤ መኪኖቿ ግን በአብዛኛው መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት አምዱ የታሰረበትን ብረት ነው። በፋብሪካ ያልተሠራ ማቀፊያ ከሆነ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን በባትሪ መብራት ይፈትሽ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። ሞተር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፤ መሪ ቢለቅ ግን መኪናው መሄዱን ይቀጥላል፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ሰው ብቻ ይጠፋል። አምድ ለማጥበቅ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት መሪውን አንዴ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት።