የመስቀል ወፍ ወዴት ትከርማለች?

ክረምቱ አልፎ፥ ጭጋጉ ተገፎ፥ ምድር የአደይ አበባን ሸማ በምትለብስበት ወራት በየሜዳው ብቅ የምትል ትንሽ ወፍ አለች። ሕዝባችን የመስቀል ወፍ ይላታል። ልጆች ባዩዋት ጊዜ «ዓመቱን ሙሉ የት ነበረች?» ብለው ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኙት መልስ «ሩቅ አገር ከርማ መጣች» የሚል ነው። እውነተኛው መልስ ግን ከዚህ ይልቅ የቀረበ፥ ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም።

ይህ ስም እንደየአገሩ ለልዩ ልዩ ወፎች ይሰጣል። በአንዱ ስፍራ ጥቁር ለብሶ ጀርባው ቢጫ የሆነው፥ በሌላው ቀይና ጥቁር የተቀላቀለበት፥ በሌላውም ጅራቱ ከአካሉ የሚረዝመው ወፍ በዚሁ ስም ይጠራል። ሁሉንም የሚያስተባብራቸው አንድ ጠባይ ነው። ወንዱ በበጋ ከሴቲቱ የማይለይ፥ እንደ ድንቢጥ ቡናማ የሆነ ተራ ወፍ ነው። ዝናሙ መጥቶ ሣሩ ሲያድግና ዘር ሲያፈራ አሮጌ ላባውን ጥሎ የሠርግ ልብሱን ይለብሳል፤ ሴቲቱን የሚጠራትም ጎጆ የሚሠራበትና ልጆች የሚመገቡበት ወራት ስለ ደረሰ ነው። ወራቱ ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ ከመንጋው ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ በጥር ወር በአውድማ ዙሪያ እህል ስትለቅም ዓይተን ሳናስተውል የምናልፋት ቡናማ ወፍ፥ በመስከረም ያደነቅናት እርስዋው ልትሆን ትችላለች።

ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶችም በእርግጥ አሉ። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲጀምር ሽመላዎች፥ ንስሮችና ሌሎችም ብዙ ወፎች ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ያርፋሉ ወይም በዚያው ይከርማሉ። ከመስከረም ጀምሮ በሚሰማሩ ከብቶች እግር ሥር እየተሯሯጡ ጅራታቸውን የሚነቀንቁት ትናንሽ ቢጫ ወፎች ከእነዚህ መንገደኞች ወገን ናቸው። ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ተባይ እየለቀሙ ይበላሉ።

ይህን የመሰለውን ነገር ለማወቅ ትዕግሥት ያለው ዓይንና አንድ የማስታወሻ ደብተር ይበቃል። በአዲስ አበባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው ተፈጥሮን በሚወዱ ሰዎች ነው። እንደዚህ ባለ ማኅበር ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ያዩትንም እርስ በርሳቸው ይካፈላሉ። አንዱ ያየው ብቻውን ትንሽ ነው፤ የብዙዎች ማስታወሻ ለብዙ ዓመታት ሲሰበሰብ ግን የትኛው ወፍ እንደ በዛ፥ የትኛውም እየጠፋ እንደ ሄደ ያስረዳል።

ቤተ ሰብ ይዞ ለመውጣት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የዘመነ ጽጌ ጊዜ እጅግ የተመቸ ነው። ከአዲስ አበባ ሳይርቁ፥ በስተ ምዕራብ በገፈርሳ ውኃ ዳር፥ ወይም ከእንጦጦ በስተ ሰሜን በሱሉልታ ሜዳ፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኙ ወፎችን ለማየት ይቻላል። አንዱ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለበት ዝይ ነው፤ ለደጋው ብርድ የሚስማማ ወፍራም ላባ አለው፤ ቆሞም አንገቱን በጀርባው ላይ አስደግፎ ያርፋል። ሌላው በጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ ነው፤ ይህ ሲነሣ በጩኸቱ ሰፈሩን ያናውጠዋል። ራቅ ብሎ መሄድ የሚችል ወደ ደብረ ሊባኖስ ቢወጣ በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር በጣታቸው ሲነጩ ያያል። ከዝንጀሮ ወገን ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ከጭላዳ በቀር ዛሬ በሕይወት የለም። በመናገሻ ደን ደግሞ በጥንታውያን ጥዶች መካከል ጉሬዛና ድኩላ ይኖራሉ።

ነገር ግን የምናደንቀው ሁሉ ማደሪያ ከሌለው አይኖርም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በበርጋ ረግረግ ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፥ ከሣር ውስጥ የማይወጣ አንድ ትንሽ ወፍ በክረምት ይራባል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተቈጥሯል። ሲራባ የታየባቸው ስፍራዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ይህ ረግረግ ነው። ወፉ ጎጆውን የሚሠራው በሣሩ መካከል ስለ ሆነ፥ በእንቁላሉ ወራት ከብት ቢሰማራበት ወይም ረግረጉ ቢደርቅ የሚሄድበት የለውም። ገበሬውም በበኩሉ ለከብቱ ሣር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የበርጋ ሰዎችና ማኅበሩ የተነጋገሩት ከብቱን ስለ መከልከል ብቻ ሳይሆን ጊዜ ስለ መለየት ነው፤ ወፉ ልጆቹን እስኪያወጣ ሣሩ ይጠበቃል፥ ከዚያም በኋላ ለከብቱ ይሆናል። የሱሉልታንም ሜዳ ሕንፃ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠበበው ሲሄድ የሚያይ ሰው፥ ይህን የመሰለ ስምምነት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስተውላል።

የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽርም በዚህ ረገድ ታላቅ ባለውለታ ነው። በሰሜኑ ደጋ ዙሪያው ሁሉ እርሻ በሆነበት አገር፥ ጥዱ፥ ወይራውና ዝግባው ቆሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። በዚያ ዛፍ ውስጥ የሚኖሩት ወፎችና ንቦች ወደ ጎረቤቱ ማሳ ወጥተው ተባይ ይለቅማሉ፥ አበባውንም ያዳቅላሉ። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከልጆች ጋር ወፎችን መቍጠር ገንዘብ የማይጠይቅ ትምህርት ነው።

ለሽርሽር የሚወጣ ቤተ ሰብ ጥቂት ሥርዓት ይጠብቅ። ወፎች በብዛት የሚታዩት በማለዳ ስለ ሆነ ቀድሞ መነሣት፥ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፥ ወደ ጎጆ አለመቅረብ፥ ለጭላዳና ለጦጣ ምግብ አለመወርወር ይገባል። የልጆች ወንጭፍ ከቤት ይቅር። አደዩም ጥቂት ተቀጥፎ ብዙው ይተው፤ ዘሩን ጥሎ የሚደርቅ አበባ ነውና፥ የሚመጣው ዓመት ጌጥ ዛሬ በሜዳው ላይ ከቀረው የሚወለድ ነው። ደብተሩ ላይም ቀኑ፥ ስፍራው፥ ሰዓቱ፥ የወፉ መልክና ቍጥሩ ይጻፍ፤ ስሙ ባይታወቅ መልኩ ይበቃል።

ደብተሩ በኅዳር አይዘጋ። በጥርና በየካቲት፥ ሜዳው ደርቆ ሣሩ ቢጫ በሆነ ጊዜ፥ ልጆች ያችን ተራ ቡናማ ወፍ ከመንጋዋ መካከል ይፈልጓት። ያገኛት ልጅ በሚመጣው መስከረም የመስቀል ወፍ የት ከረመች ብሎ አይጠይቅም፤ ለታናናሾቹ እርሱ ይነግራቸዋል።