በስምህ ተገባ ማለት አንተ ሠራኸው ማለት አይደለም

የኔትወርክ ባለሙያ ስለሆንኩ የኮሌጅ ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አንዱ ለቀልድ ብሎ በእኔ አካውንት የሰው ፋይል አጠፋ፤ የተከሰስኩት ግን እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?»

ብዙዎች «ኮምፒውተሩ ስሙን መዝግቦታል፤ በቃ!» ይላሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ንጹሕ ተማሪንም ከትምህርቱ ሊያፈናቅል ይችላል።

1. ሎጉ (የኮምፒውተሩ የመግቢያ መዝገብ) የሚያሳየው የትኛው አካውንት፣ በየትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ነው። ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም።

2. ከተከሰሳችሁ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ እንዲጣራ ወዲያውኑ በጽሑፍ ጠይቁ። በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ከነበራችሁ የመምህሩ የስም መቆጣጠሪያ ይመሰክርላችኋል።

3. የላብ ኃላፊዎች፣ ማሽኑን ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ሎጉን ቅዱ። ዲፕ ፍሪዝ የተባለው ሶፍትዌር የተጫነበት ማሽን እንደገና ሲነሳ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ስለሚመለስ ማስረጃው አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

4. ከወንበራችሁ ስትነሱ የዊንዶውስን ቁልፍና «ኤል»ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ስክሪኑ ይቆለፋል። የይለፍ ቃላችሁን ለጓደኛም አትስጡ።

5. ቀልድ ነው ለምትሉ፦ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ብቻውን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ሌላው ሳይቀጣ ቀርባችሁ ተናገሩ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ፤ የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ።