የቆመ አውሮፕላንም ይበራል

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ፣ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ታላቅ የአቪዬሽን ትርኢት ይካሄዳል። ወደ ከተማዋና ወደ አካባቢዋ ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ይመጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ በርካቶቹ ባለቤቶቻቸው በየቤታቸው ጋራዥ ለዓመታት ሲገጣጥሟቸው የኖሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ሃንጋር ስለሌለ ሣር ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። ወቅቱ ደግሞ መብረቅና ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ብርቱ ነፋስ ይዞ ድንገት የሚወርድበት ነው። ስለዚህ አብራሪው ከወረደ በኋላ መጀመሪያ የሚያወጣው ሻንጣውን ሳይሆን ገመዱን ቢሆን ይሻላል።

ጎማው ሥር ታኮ ካስገቡ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። ታኮ አውሮፕላኑ እንዳይንከባለል ይረዳል፤ ከመሬት እንዳይነሳ ግን ሊያደርገው አይችልም። ክንፍ አየር እስካለፈበት ድረስ ሥራውን ይሠራል፤ አየሩን ያመጣው ሞተሩ ይሁን ማዕበሉ አይለይም። 500 ኪሎ የሚመዝን፣ የክንፉ ስፋት 11 ካሬ ሜትር የሆነ አውሮፕላን አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቆሞ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት፣ ክንፉ የራሱን ክብደት ያህል ወደ ላይ ሊስብ ይችላል። ነፋሱ በግማሽ ቢቀንስ የማንሻው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ እጥፍ ቢሆን ደግሞ አራት እጥፍ ያድጋል። ትንሿ ጎማቸው ጭራቸው ሥር ያለች አውሮፕላኖች ሲቆሙም አፍንጫቸው ቀና ያለ ስለሆነ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ማሰሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ ነው፦ ከሁለቱ ክንፎች ሥርና ከጭራው። ቫንስ አርቪ በሚባሉት የታወቁ በቤት የሚገጣጠሙ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ፤ ሲቆሙ ቀለበት ይጠመዘዝበታል፣ ሲበሩ ይፈታል። ገመዱ መታሰር ያለበት እንዲህ ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ እንጂ ክንፉን ደግፎ በያዘው ዘንግ ወገብ ላይ አይደለም፤ ዘንጉ ሊጎብጥ ይችላል። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የሚታሰርበት እያንዳንዱ መልሕቅ 1,360 ኪሎ ገደማ እንዲችል ይመክራል። ይህ ከአውሮፕላኑ ክብደት በብዙ የሚበልጥ ቢመስልም የተጋነነ አይደለም። ነፋስ ረግቶ አይስብም፤ አንዱን ክንፍ ለይቶ ይነጥቃል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይነጥቃል።

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው መሬቱ ነው። ገመዱ ምንም ያህል ቢጠነክር፣ ችካሉ ተነቅሎ ከወጣ ዋጋ የለውም። የድንኳን ችካል ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም። በደረቅ ሸክላ አፈር ውስጥ ንቅንቅ የማይለው መልሕቅ በአሸዋ ወይም ዝናብ ባራሰው መሬት እንደ ዋዛ ይወጣል። ሦስት ረጃጅም ችካሎች በአንድ የጋራ ማያያዣ በኩል ወደተለያየ አቅጣጫ አጋድለው የሚመቱበት ዓይነት የሚመረጠው፣ ወደ ላይ ሲሳብ ችካሎቹ እርስ በርስ ስለሚያዙ ነው። ከተመቱ በኋላ በሙሉ ጉልበት ስቦ መሞከር የግድ ነው። በእጅ ሲሳብ የሚነቃነቅ ችካል ማዕበል አይችልም።

ገመዱ ናይለን ቢሆን ጥሩ ነው። የቃጫ ገመድ ሲርስ ስለሚያጥር ክንፉን ወደ ታች ይጎትታል፤ ሌላ ከጠፋ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ላላ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ማላላት ግን አደገኛ ነው፤ አውሮፕላኑ በላላው ልክ ተንደርድሮ ገመዱን ይነጥቀዋል። ፀሐይ ያደረቀው፣ ቃጫው የሻከረ ገመድ መጣል አለበት። ቋጠሮውም ሸምቀቆ አይሁን።

መሪዎቹም መታሰር አለባቸው። በክንፉና በጭራው ጀርባ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ነፋስ ሲያማታቸው ማጠፊያቸው ይሰበራል። በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች መሪውን በመቀመጫው ቀበቶ ጠፍሮ መያዝ ይቻላል። ከውጭ የሚገባ መቆለፊያ ከሆነ ግን ሳይፈታ እንዳይረሳ ረጅም ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠልበት። በ1935 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦሃዮ ውስጥ የቦይንግ ሞዴል 299 አውሮፕላን ለሙከራ ሲነሳ የመሪዎቹ መቆለፊያ ሳይፈታ ቀርቶ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። አብራሪዎች ዛሬ ከመነሳታቸው በፊት ነጥብ በነጥብ የሚያነቡት ዝርዝር በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው።

መጋቢት 2011 ደግሞ፣ ይህም በፈረንጆቹ፣ ፍሎሪዳ ሌክላንድ ውስጥ ተመሳሳይ ትርኢት ላይ አውሎ ነፋስ መጥቶ ብዙ አውሮፕላኖችን ገለበጠ። እንዲህ ያለውን የሚችል ገመድ አለ ብሎ ማንም ዋስትና አይሰጥም። በተራው ማዕበል ግን በደንብ የታሰረውና ያልታሰረው ይለያያሉ። ያልታሰረው ሲነሳ የሚያርፈው በደንብ በታሰረው ላይ ስለሆነ፣ ሰማዩ ሲጠቁር የራስን ሦስት ገመዶች ፈትሾ የጎረቤትንም ማየት፣ ልል ከሆነ ባለቤቱን ፈልጎ መንገር ተገቢ ነው።